ኮቱ ገብቷል፣ ሰውዬው አልገባም

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ መጨረሻ ላይ «አገሬውን መንቀፍ ያማረው ጸሐፊ ብዕር ከመግዛቱ በፊት መስታወት ይግዛ» የምትል አንዲት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ለቀልድ ነበር። እናንተ ግን የምር ይዛችሁት ኖሯል፤ ደብዳቤው ጎረፈ። አብዛኛው ከሰሜን ሸዋ ነው። ምክንያቱን አላውቅም። ብርዱ ይሆናል፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ሲል መጻፍ ያምረዋል። አራቱን መርጫለሁ። ስም አላወጣም፣ ከየት እንደተጻፉ ግን አልደብቅም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ሰላም ለአዘጋጁ። አማርኛ አስተምራለሁ። ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ በየሳምንቱ አርብ የምትነበብ አጭር ጽሑፍም አዘጋጃለሁ። በቅርቡ ስለ ቢሮ ምልልስ ጻፍኩ። «በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የሚገኙ ሠራተኞች ሰነፎች፣ ኃላፊነት የማይሰማቸውና ሕዝብ የሚያንገላቱ ናቸው» ብዬ ጀመርኩ። ተማሪዎቹ አዛጉ። ሚስቶቻቸው ቢሮ የሚሠሩ ሁለት መምህራን ደግሞ ተቀየሙኝ፤ እስካሁን ሻይ አብረን አንጠጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ፈራሁና ስለ አንድ ወንዝና ስለ ሁለት ዓሣዎች ጻፍኩ። ዓሣዎቹ ባለጉዳዮች፣ ወንዙ ቢሮው መሆኑ ነው። አንብቤ ስጨርስ አንዱ ልጅ «መምህር፣ ዓሣ ይወዳሉ እንዴ?» አለኝ። በግልጽ ስጽፍ ጠላት አፈራሁ፣ ስሸፍነው የሚገባው ጠፋ። ደራሲዎቹ እንዴት ነው የሚያደርጉት?

መልስ

ወንድሜ መምህር፣ የዓሣው ነገር ሆዴን እስኪያመኝ ነው ያሳቀኝ፣ ይቅር በለኝ። ግን ልጁ ልክ ነው።

«ሰምና ወርቅ» እያልን እናስተምራለን እንጂ ቃሉ ከየት እንደመጣ ብዙ አናስበውም። የመጣው ከአንጥረኛ ነው። አንጥረኛው ጌጥ ሲሠራ መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያበጃል። በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ላይ ያደርገዋል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ባዶ በቀረው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ቁጭ ይላል። እንግዲህ አስበው፦ ሰሙ ጎባጣ ከነበረ ወርቁም ጎባጣ ነው። ሰሙ ላይ የጣት አሻራ ከቀረ ወርቁም ላይ አለ።

ብዙ ጀማሪ (እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ) ሰም ማለት መሸፈኛ ይመስለዋል። ነቀፋውን ይይዝና የሆነ ጨርቅ ጣል ያደርግበታል። ወንዝ፣ ዓሣ፣ ጨረቃ፣ የተገኘውን። ሰም ግን ጨርቅ አይደለም፣ መልክ ሰጪው እሱ ነው። ወርቁን የማያውቅ ሰው እንኳ ሰሙን ለብቻው ሰምቶ «ኧረ እውነት ነው» ማለት አለበት። ያንተ ዓሣዎች ዓሣ አልነበሩም። ዓሣ የሚያደርገውን አንድም ነገር አላደረጉም። ተሰልፈው ቆሙ፣ ወረቀት ያዙ። ልጁ ዓሣ ፈልጎ አጣ፣ ባለጉዳይ ፈልጎም አጣ፣ የቀረው ነገር ያንተ ምሳ ነው።

አሁን እኔ ያየሁትን ላሳይህ። አምና ለአንዲት ወረቀት አንድ ቢሮ ተመላለስኩ። የቱ እንደሆነ አልናገርም። ገና በሩ ላይ ስደርስ ኮቱን አየሁት። ቡኒ ኮት ነው፣ የግራ ክርኑ ላይ ጨርቅ ተለጥፎበታል። ወንበሩ ጀርባ ላይ ትከሻውን ዘርግቶ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ መነጽር፣ ከጎኑ ክዳኑ የወለቀ እስክሪብቶ። «አለ፣ አሁን ወጣ ብሎ ነው» አለችኝ አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ። ጠበቅኩ። ቀረ። በማግስቱም ሄድኩ። ኮቱ አለ፣ መነጽሩ አለ፣ እስክሪብቶው አሁንም ክዳን የለውም። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጬ ስወጣ ሰውየውን ራሱን ከቢሮው ፊት ለፊት ካለችው ካፌ አገኘሁት። ማኪያቶ ይዟል። ሌላ ኮት ለብሷል። ደብረ ብርሃን ነው እንግዲህ፣ ያለ ኮት ማን ይወጣል? ያኔ ገባኝ። ሰውየው ሁለት ኮት አለው፤ አንዱ ለብርድ፣ አንዱ ለመንግሥት።

ይህን ይዘህ «ሠራተኞች ሰነፎች ናቸው» ብለህ አትጀምርም። እንዲህ ብለህ ብትጀምርስ?

«ኮቱ ታታሪ ሠራተኛ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገብቶ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ለሻይ አይወጣም። ለለቅሶ ፈቃድ አይጠይቅም። ባለጉዳይ ሲመጣ አያመናጭቅም፣ ‹ነገ ተመለስ› እንኳ ሲል የሰማው የለም። ዘንድሮ የደረጃ ዕድገት የሚገባው ሰው ካለ እሱ ነው።»

ክፍል ውስጥ የምታስተምራቸው ነገሮች እዚህ አሉ። ኮቱ እንደ ሰው ገባ፣ ተቀመጠ፤ ሰውኛ ነው። ልብሱ በለባሹ ፋንታ ቆመ። እያመሰገነ ይወቅሳል፤ ምጸት ነው። ስማቸውን ግን ለጊዜው ተወውና ሥራቸውን እይ። «ሰነፍ» የሚለውን ቃል እኔ አልጻፍኩትም። አንተ ነህ በሆድህ ያልከው። ሰው ራሱ ያለውን ነገር «ውሸት ነው» ብሎ ሊከራከርህ አይችልም። የስድብና የምጸት ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ስድብ ፍርዱን ጨርሶ ይሰጥሃል፣ አንተ እምቢ ማለት ነው የሚቀርህ። ምጸት ማስረጃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ዝም ይላል፣ ዳኛው አንተ ነህ።

ሁለቱ መምህራንስ? ኮቷን ሰምተው ሊቀየሙህ ከፈለጉ መጀመሪያ «ያ ኮት የሚስቴ ነው» ማለት አለባቸው። ማን ይላል?

በዚህ ነገር የአገርህን ሰው ብትከተል አይከፋም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተጉለት ሰው ናቸው፣ የሰያ ደብር። ሩሲያ ሄደው ተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ግን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ጽፈው መኳንንቱ ፊት አሳዩ። «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል። መነሻው የፈረንሳዩ ላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ናቸው። መድረኩ ላይ የወጡት እንግዲህ አውሬዎች ናቸው፣ የሚነቀፈው ግን የቤተ መንግሥቱ ብልሹ አሠራር ነው። የዚያን ዘመን ተመልካች ደግሞ የአውሬን ተረት ከእናቱ ጉልበት ሥር ሆኖ ሲሰማ ያደገ ነው። ጅብ ምን እንደሚያደርግ፣ ቀበሮ ምን እንደምትል አሳምሮ ያውቃል። ማብራሪያ አልፈለገም። ወዲያው ገባው።

በጣም ስለገባው ታገደ። ይህንንም የምነግርህ ሰም ሁልጊዜ ያድናል ብለህ እንዳትዘናጋ ነው። ጥሩ ሰም እንዲያውም አያድንም፤ ወርቁን በደንብ ስለሚያሳይ። አያድርስና የአንተ ዓሣ ግን ማንም አያግደውም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባለፈው ስለ መስታወት ያልኩት ይቺን ነው። የኮቱን ጽሑፍ እዚያው ላይ ካቆምከው ተማሪዎቹ ይስቃሉ፣ ይሄዳሉ። ሁሉም ባለጉዳይ ነዋ፣ ሁሉም ተበዳይ። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና ወደዚያ ቢሮ ከመሄዴ በፊት ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ምን መሰለህ? ስልኬን አንስቼ «እዚያ ቢሮ የምታውቀው ሰው አለ?» ማለት ነው። ሁላችንም እንዲህ አይደለን? ስለዚህ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ራስህን አስገባ፦ «እኔም ባለጉዳዩ ብልህ ነኝ፣ ከመሄዴ በፊት የኮቱን ዘመድ ሳፈላልግ ሰነበትኩ። አንድ ካፖርት አገኘሁ፣ በእናቱ በኩል ይዛመደዋል።» አሁን የሚስቀው ተማሪ መሐል ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። ያቺ ቀዝቀዝ ማለት ናት የፈለግናት።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ)

ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ያደግኩት ሰው የልቡን ፊት ለፊት በሚናገርበት ዘመን ነው። በድሎህ ከሆነ «በድለኸኛል» ይልሃል፣ ነገሩም በሽማግሌ ያልቃል። የዛሬ ጸሐፊ ግን ጣርማ በር ላይ እንደሚወርደው ጉም ነው፤ መንገዱን ይሸፍናል እንጂ መሬቱን አያረጥብም። እውነት የያዘ ሰው ምን ያሽከረክረዋል? ፈሪ ነው ወይስ ብልጣ ብልጥ? ደግሞስ ቢጻፍ ማን ሊሰማ?

መልስ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትንሽ ብዳፈር አይቆጡኝም ብዬ ልጀምር፦ ጸሐፊዎች ሁሉ ያለ ዘይቤ ይናገሩ ብለው ሲመክሩ ራስዎ የጻፉት መስመር የጣርማ በርን ጉም ይዞ መጥቷል። ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቃታል፦ ደብረ ሲና ሲወርዱ ዋሻው አፍ ላይ መኪናው መብራቱን አብርቶ እየዳበሰ ሲሄድ። «የዛሬ ጸሐፊ ግልጽ አይደለም» ብለው ቢጽፉልኝ ኖሮ አልፌው እሄድ ነበር። ለዘይቤው ስል ነው ደብዳቤዎን የመረጥኩት።

ግን ከነገርዎ ውስጥ እውነት አለ፣ አልክድም። ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እዚያው እርስዎ አገር መንዝ ተቀምጦ አጥንቶ በአውሮፓውያን 1965 አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ ርዕሱንም ከሰምና ወርቃችን ወሰደ። ስለ ቅኔያዊ አነጋገራችን ብዙ መልካም ነገር ጽፏል። ባላንጣን ሳይጋጩ መንካት እንደሚያስችል፣ የሰውን ገመና እንደሚጠብቅ አይቷል። ዞሮ ዞሮ ግን ዘመናዊ አስተዳደር፣ ሳይንስ፣ ሕግ የሚፈልጉት አንድ ትርጉም ያለው ቃል ነው፣ በሁለት አፍ የሚናገር ሰው እዚያ ይቸገራል ይላል። እኔ ግማሹን እስማማለሁ። የመንደሩ ውሃ ተበክሎ ሕፃናት ቢታመሙ «ምንጩ ዛሬ ፊቱ ጠቁሯል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ጥፊ ይገባዋል። ውሃው ተበክሏል፣ አትጠጡ፣ ይኸው ነው። ሂሳብ ጎድሎ ከሆነም ስንት ብር እንደጎደለ ይጻፍ።

ሌላ ዓይነት ጥፋት ግን አለ አባቴ፣ ጥፋተኛው አንድ ሰው ያልሆነበት። ሰርግ ላይ ዕዳ ገብቶ መደገስ የማን ጥፋት ነው? የደጋሹ? የበይው? ነገ «ምን አበላን?» ብሎ የሚያማው? ፊት ለፊት የሚሉት ሰው የለዎትም፤ ሽማግሌም አይቀመጥበትም፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ድንኳኑ ውስጥ ናቸውና። ጸሐፊ ወደ ዘይቤ የሚሮጠው እዚህ ጋ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ያደረጉትን ያስታውሱ። በመጽሐፉ ውስጥ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው አለ፣ እርስዎ እንደሚፈልጉት። ካሳ ዳምጤ። ባላባቱንም፣ ልማዱንም፣ ሁሉንም በስሙ እየጠራ ይነቅፋል። ታዲያ አገሬው ምን አለው? «ጉዱ» አለው። እብድ አደረገው። እውነቱ በግልጽ ተነግሯል፣ ያወጣለት ስም ደግሞ የሰሚውን ማንነት ነገረን። አንዲት ቅጽል ሁለት ሥራ ሠራች። እኔ እስከዛሬ በዚህች ስም እቀናለሁ።

አቤ ጉበኛ ደግሞ በ1955 «አልወለድም» ብለው ገና ያልተወለደ ልጅ ከእናቱ ማሕፀን ሆኖ እንዲናገር አደረጉ። ይህ ግነት ነው፣ ከዚያም ያለፈ ነው። ግን አስቡት፣ ስለ ድህነትና ግፍ ስንት ዓመት ሲወራ የሰማ ጆሮ ነው ያለን፣ ደንዝዟል። «አልመጣም፣ እዚሁ ይሻለኛል» የሚል ፅንስ ሲሰማ ግን ቀና ይላል። መጽሐፉ ታገደ።

ስለዚህ «ፈሪ ነው ወይ?» ያሉትን ቃል ትንሽ ያንሱልኝ። በዓሉ ግርማ በ1975 «ኦሮማይ»ን አወጣ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ፈሪ የምንለው ሰው በበዓሉ ዘመን እየጻፈ የኖረ ሰው ነው። ብልጣ ብልጥ ግን አለ፣ እሱን አልሟገትልዎትም። ዛሬ ምንም የሚያሰጋው ሳይኖር፣ የሚለው ስለሌለው ብቻ ነገር የሚጠመጥም አለ። ጉሙ እሱ ነው።

«ማን ሊሰማ?» ላሉኝ፣ ከደብረ ብርሃን አካባቢ የተወለዱት ከበደ ሚካኤል የጻፉትን የአዝማሪውንና የውሃ ሙላቱን ግጥም ሳያውቁት አይቀሩም። አዝማሪው ወንዝ ሞልቶበት መሻገር አቅቶት ዳር ቆሞ ማሲንቆውን እየመታ ውሃውን ይለማመጣል። አንድ መንገደኛ ያየውና የሰማህ ውሃ እኮ አልፎ ሄደ፣ አሁን የመጣው ሌላ ነው ይለዋል። ለማይሰማ መናገር ከንቱ ነው የሚለው ትርጉሙ ሁላችንም የተማርነው ነው። እኔ ግን ሳድግ ሌላ ነገር ታየኝ። ውሃው አልሰማም፣ እሺ። መንገደኛው ሰማ አይደል? ከበደ ሚካኤልም ሰምተው ጻፉት፣ እኛም ክፍል ውስጥ ቆመን በቃላችን አልነው። ሹሙ ባይሰማ መንገደኛው ይሰማል፣ የመንገደኛው ልጅ ደግሞ ነገ ሹም ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)

ጤና ይስጥልኝ። ትንሽ የባልትና ሱቅ አለኝ። እናቴ ድሮ ወፍጮ ላይ ሆና ስትፈጭ እያንጎራጎረች አማቷን የምትነካበት ግጥም ነበራት። አማትየዋ አጠገቧ ጥጥ እየፈተለች ሰምታ «ጎሽ፣ ድምፅሽ ያምራል» ትላት ነበር ብለው አክስቶቼ እየሳቁ ያወሩኛል። ግጥሙን ግን ማንም አላስታወሰውም። ይሄ ሽሙጥ ነው ወይስ እናንተ ሥነ ጽሑፍ የምትሉት ነገር ነው? ልጄ «አሽሙረኛ ነበረች ማለት ነው» ብላ ስቃብኝ ከፋኝ።

መልስ

እህቴ፣ አይክፋሽ። እናትሽ ማሲንቆ ሳይኖራት አዝማሪ ነበረች።

ሽሙጥና ምጸት አንድ ቤት ያደጉ ናቸው፣ አንዳንዴ እኔም ይምታቱብኛል። ሁለቱም ከተባለው ሌላ ነገር ይላሉ። እኔ የምለያቸው እንዲህ ነው፦ የተነካችው ሰው ከቤት ብትወጣ ግጥሙ ይሞታል ወይስ ይቀራል? «አንዳንድ ሰው ቡናውን ሲያቀጥን ሰው አያውቅም መሰለው» ብዬ አንቺ ፊት ብናገር ሽሙጥ ነው። አንቺ ከሄድሽ ምንም አልቀረውም። ሌላ ቤት ያለች ሌላ ምራት ሰምታው «የኔም ነገር ነው» ብላ ብትወስደው ግን እሱ ሽሙጥ ብቻ አይደለም።

አንድ ሁሉ የሚያውቀው የሕዝብ ግጥም አለ፦

የምን ጥቅም ጠላ የምን ጥቅም ጠጅ፣
ጠላት ሲሸኙ ቡና አድርገው እንጂ።

ፊቱ መስተንግዶ ነው፤ መጠጡን ተዉትና ቡና አፍልታችሁ ሸኙት። «ቡን አድርገው» ብለሽ ስትሰሚው ግን እንደ አቧራ በትነው ነው። አንድ ፊደል ነው ልዩነቱ። ቡናው ባይኖር ኖሮ ግጥሙ ተራ ዛቻ ነበር። የሚያስፈራው ስኒው ስላለ ነው።

የእናትሽን ግጥም አላገኘሁትም፣ ላስመስለውም አልደፍርም። ግን ወፍጮ ላይ ብሆን ምን እል ነበር ብዬ ለራሴ ሞከርኩ፦

መጁ ከላይ ሆኖ ሲመላለስበት፣
ወፍጮ ምን ይናገር ጀርባው ሲጎድልበት።

ከእናትሽ እንደማይበልጥ አውቃለሁ። ግን እይው። አማትየዋ የምትሰማው ስለ ድንጋይ ነው፤ መጅ ከላይ፣ ወፍጮ ከታች፣ እውነትም ጀርባው እየጎደጎደ ይሄዳል፣ ስለዚህ «ጎሽ» ትላለች። ጎረቤት የመጣችው ሴት ግን ምራቷን ቀና ብላ ታያታለች። ደግሞ ይህን ስጽፍ ያላሰብኩት ነገር በኋላ መጣብኝ፦ መጁም እኮ ድንጋይ ነው፣ እሱም ሲፈጭ ያልቃል። አማትየዋም ትናንት የሰው ምራት ነበረች፣ እሷም ታች ተኝታ ተመላልሰውባታል። ነገሩ ከሁለት ሴቶች ጠብ አልፎ ወደ ልማዱ ሄደ። ይህን ያመጣልኝ ድንጋዩ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ጥሩ ተምሳሌት ከጸሐፊው በላይ ያውቃል።

ለልጅሽ ደግሞ ይህን ንገሪያት። የደብረ ሲናው ልጅ ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ባወጣው ልብ ወለድ ዋናውን ወጣት «አደፍርስ» አለው፤ መጽሐፉም በዚሁ ስም ወጣ። ስሙ ራሱ ትእዛዝ ነው፦ የጠራ የሚመስለውን ውሃ በጥብጠው፣ ሥሩ ምን እንዳለ ይታይ። የመርሐ ቤቴው ብላቴን ጌታ ኅሩይም «አዲስ ዓለም» ላይ ከአውሮፓ ተምሮ መጥቶ ልማዱን የሚሞግተውን ልጅ «አወቀ» ነው ያሉት። ስም ማውጣት ብቻውን ነቀፋ ይሆናል። እናትሽም ወፍጮ ቤት ውስጥ ሆና የምታደርገው ይህንኑ ነበር፣ ልዩነቱ ያተመላት አለመኖሩ ነው። አክስቶችሽ ሳያልፉ አንድ ሁለት ስንኝ ካስታወሱ ጻፊና ላኪልኝ፣ ለዚያ ቦታ አላጣም።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትና ምሳሌ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረናል። እሱ ምክር ነው ይላል፣ እኔ ምጸት ነው እላለሁ። ሃምሳ ሃምሳ ብር ተወራርደናል። ቶሎ መልስልን።

መልስ

መጀመሪያ ሁለታችሁም የዘለላችሁት አለ። «መብላት» ራሱ ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ ማንም እንጀራ አላነሳም። ተረቱን በየቀኑ ስለምንሰማው ዘይቤ መሆኑን ረስተነዋል። የሰው ገንዘብ መውሰድን ከምግብ ጋር ስንት ዓመት አብረን ብንጠራው ነው እንዲህ የለመደብን? እሱን ብቻውን ብታስቡት ያስደነግጣል።

ወደ ውርርዱ ስመጣ፣ ማን እንደተናገረው ካልነገራችሁኝ መፍረድ አልችልም። ከሜዳ ላይ አንድ ገበሬ አዲሱን ሹም በመኪና ሲያልፍ አይቶ ቢለው ምጸት ነው፣ ያውም መራራ። ሹሙ ራሱ መኪናው ውስጥ ሆኖ ለአጎቱ ልጅ ቢለው ምክር ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ አንድ ፊደል አልተቀየረም። የምጸት ትልቁ ጣጣ ይኸው ነው፦ የሚነቀፈው ሰው እንደ መመሪያ ሊያነበው ይችላል። ፈተና ላይ ከመጣ ግን ተናጋሪውን ተመልከቱ፣ ከዚያ መልሱ።

መቶውን ብር ለጊዜው ጓደኛህ ጋ አስቀምጠው። ከበላው፣ ምክር ነው ያለው ከልቡ ነበር።